መሳለምና ማሳለም

ፈንታሁን የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴን አላየሁትም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በቤት አንቱ የምላቸውን ሰው ከዚህ በታች በስማቸው ብቻ የምጠራው ታሪኩ የወጣትነታቸው ስለሆነ ነውና አንባቢ አይቀየመኝ።

ፈንታሁንና ሙላቴ ከጉና ግርጌ፣ ብርዱ ገብስና ድንች ብቻ በሚያበቅልበት አገር፣ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ታላቅየው ፈንታሁን ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነበር፤ ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ሌላ አላገባም። ታናሽየው ሙላቴ ግን ተጫዋች ነው። እሱ ባለበት ቤት ሳቅ አይጠፋም ይሉ ነበር። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አግብቶ ነበር፤ እሷም እርጉዝ ነበረች። በሆዷ የነበርሁት እኔ ነኝ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1930 ዓ.ም. ክረምት፣ ባንዶች መጥተው ሙላቴን ከማሳው ላይ ይዘው ወሰዱት። ለአርበኞች በሶ አቀብለሃል አሉት። አቀብሎም ነበር።

ከከተማው ጫፍ፣ ከጦሩ ሰፈር ጎን፣ በእሾህ ሽቦ የታጠረ ጉብታ ነበር። የተያዘ ሰው እዚያ ይቆይና ካሚዮን ሲመጣ ወደ ጎንደር ይጫናል። ጎንደር ተጭኖ የተመለሰ ሰው በአካባቢው አይታወቅም። ፈንታሁን ከጉና እየወረደ ለወንድሙ ስንቅ ያቀብል ነበር። ዘበኛው ደግ ሲሆንለት ያናግረዋል፤ ካልሆነም ከሩቅ እጁን አንስቶለት ይመለሳል።

በዚያ ሰፈር አንድ የጣሊያን መቶ አለቃ ነበር። በአገሩ ተማሪ ሳለ የተጫወተው የኳስ ጨዋታ ነበርና እዚህም ካላጫወትሁ ብሎ ተነሣ። ኳሷ ክብ አይደለችም። ከቆዳ የተሰፋች ሆና እንደ እንቁላል ሁለት ጫፍ አላት፤ ሰውም የእንቁላል ኳስ ይላት ነበር። በእግር ብቻ ሳይሆን በእጅም ተይዛ ይሮጥባታል። መቶ አለቃው በአንድ ወገን ባንዶችን፣ በሌላው ወገን በግድ ተይዘው መንገድ የሚሠሩትን ገበሬዎች እያሰለፈ ከሐምሌ ጀምሮ ሲያለማምድ ከረመ። ሰው ሲገረፍ አልፎ የሚሄድ ሰው ነበር። ፊሽካውን አፉ ላይ ካደረገ በኋላ ግን ለማንም አያዳላም፤ ይህንን ጠላቶቹም ይመሰክሩለታል።

በፍልሰታ ጾም መካከል መቶ አለቃው አንድ ነገር አስነገረ። ሠራተኞቹ ባንዶቹን ካሸነፉ ከእስረኞቹ አንዱን መርጠው ይዘው ይሄዳሉ። ከተሸነፉ ወይም እኩል ከወጡ ምንም የለም። በማግስቱ ካሚዮን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የጨዋታው ቀን ፈንታሁን ስንቁን ይዞ ከሽቦው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እሸቴ መጣ። እሸቴ የደራ ሰው ነው። ምጽዋ ወደብ ሲሠራ ጣሊያንኛ ለምዶ አስተርጓሚ ሆኖ ተመለሰ። ነገሩን ሁሉ በቀልድ ነው የሚያወራው።

«አንተ ባለ ትከሻ፣» አለው። «አገርህ በሬ ጠፍቶ አንተን ነው የሚጠምዱት?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አንድ ሠራተኛ እግሩ ዞሮበት ተኝቷል። መቶ አለቃው አንተን አየና ያንን ተራራ አምጣልኝ አለ።»

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁም። ስንቅ ላቀብል ነው የመጣሁ።»

«ለማን?»

«ለወንድሜ።»

እሸቴ በሽቦው ውስጥ አሻግሮ አየ። ሙላቴ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ ያያቸው ነበር። «እንግዲያ ተነሥ፣» አለ እሸቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሠራተኞቹ ተማክረዋል። ኳሷን ያገባ ሰው የራሱን እስረኛ ይምረጥ ብለዋል።»

ፈንታሁን ስንቁን ለዘበኛው አስረክቦ ተከተለው። ወደ ሜዳው ሲወርዱ ከጉና የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታቸው ነበር። ሌሎቹ ከአንድ ወር በላይ የተማሩትን እሱ በዚያች ቁልቁለት ላይ ነው የሰማው።

«አንዴ ነው የምነግርህ፣» አለ እሸቴ እየፈጠነ። «ኳሷን ይዘህ ትሮጣለህ። ወደ ፊት አትወረውርም፤ ለጓደኛህ የምትሰጠው ወደ ኋላ ነው። ከእጅህ አምልጣ ወደ ፊት ወድቃ መሬት ከነካች ጥፋት ነው፤ ፊሽካ ይነፋል።»

«መሬት ከነካች ጥፋት ነው።»

«እህ። ከወዲያ ጫፍ በአመድ የተሠመረ መሥመር አለ። እሱን ካለፍህ በኋላ መሬት ማሳለም ነው፤ አለቀ፣ ገባ ማለት ነው።»

«መሳለም?»

«አዎ፣ ማሳለም። ቄስ ባትሆንም ይህች አትጠፋህም።»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሸቴ ለጣሊያኖቹ ቃል የሚስማማ አማርኛ ቢያጣ ከቤተ ክርስቲያን ተበደረ። ካህን መስቀሉን ይዞ ምእመናንን እንደሚያሳልም፣ ኳሷን የያዘውም ሰው ከመሥመሩ ወዲያ ኳሷን መሬት ያሳልማታል ማለቱ ነበር። ፈንታሁን በዚያ ነፋስ ውስጥ የሰማው መሳለም የሚለውን ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። መሳለምን ደግሞ እሱ ከልጅነቱ ያውቃል። በየእሑዱ የማርያም ደጅ ሲደርስ ተንበርክኮ መሬቱን ይስማል። እነዚህ ሰዎችም ለካ እግዚአብሔርን ይፈራሉ ብሎ በልቡ ተገረመ። እንዲያውም ደስ አለው።

የጨዋታውን ትክክለኛ ሕግ እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ኳሷን ይዞ መሥመሩን ማለፍ ብቻ አይበቃም። መሥመሩ ላይ ወይም ከመሥመሩ ወዲያ፣ ኳሷ በእጅ እንደተያዘች መሬት መንካት አለባት። ሳትያዝ መሬት ላይ ካገኟትም ከላይ በእጅ መጫን ነው። ከእጅ ሾልካ ብትወድቅ አይቆጠርም። የተከላካይ እጅ ወይም አካል ከሥሯ ገብቶ ከመሬት ከለያትም አይቆጠርም። ዳኛው ደግሞ እርግጠኛ ያልሆነበትን አይሰጥም። ፈንታሁን ግን የያዘው ሌላ ነበር፤ ኳሷ መሬት ከነካች ጥፋት ነው፣ ሰውየው መሬት ከሳመ ገባ።

ጨዋታው ከቀትር በፊት ተጀመረ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር ሜዳው ሊጥ ሆኗል። ሠራተኞቹ ጾመኞች ናቸው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም። ባንዶቹ በልተው ነው የመጡት።

«እናንተ ጾመኞች፣» ይሏቸው ነበር፣ «ቶሎ ተሸንፋችሁ ብትሄዱ ቅዳሴው ይደርስላችኋል።»

ከባንዶቹ መካከል አለሙ የሚባል ቀጭን ፈጣን ሰው ነበር። ፈንታሁንን አይቶ፣ «ይህ የጉና ድንች ደግሞ ዛሬ ነው የተቆፈረው? አፈሩ አልለቀቀውም፣» አለ። ፈንታሁን ግን ዐይኑ ጉብታው ላይ ነበር። እስረኞቹ ሁሉ ሽቦውን ይዘው ቆመዋል።

ብዙ ተገፋፉ፣ ብዙ ወደቁ። ኳሷ ጭቃ ተቀብታ እንደ ዓሣ ትሙለጨለጫለች። ማንም አላገባም። መቶ አለቃው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ከክምሩ ውስጥ ኳሷን አውጥቶ ወደ ኋላ ሲወረውር ፈንታሁን ደረት ላይ አረፈች። አቀፋት፣ ጭቃዋንም በእጀ ጠባቡ ጠረገና ሮጠ።

እንዴት እንደ ሮጠ ራሱ አያስታውስም። አንዱ ከፊቱ መጥቶ ወደቀ፤ ሌላው እግሩን ይዞ ተጎተተና ለቀቀ። አለሙ ወገቡ ላይ ተንጠለጠለ። ፈንታሁን ተሸክሞት አመዱን አለፈ።

ካለፈ በኋላ እንደ ተነገረው አደረገ። ተንበረከከ፣ ኳሷን በቀኝ ክንዱ አጥብቆ ይዞ ጎንበስ አለና መሬቱን ሳመ። በዚያች ቅጽበት አለሙ ከኋላው ተጫነው። ክንዱ ዝቅ አለና የኳሷ ጫፍ ጭቃው ውስጥ ገባች። እጁ ከላይዋ አልተነሣም። ሕጉ የሚፈልገው ይኸንኑ ነበር፤ ገብቶ ነበር። ፈንታሁን ግን ጭቃው ውስጥ ስትሰጥም ተሰማው። ወንድሜን ገደልሁት አለ። ሌሎቹ ደርሰው በላዩ ላይ ሲከመሩበት፣ እሱ ከሥር ሆኖ ኳሷን ወደ ሆዱ አስገብቶ የነካውን ጫፍ በእጀ ጠባቡ ይጠርግ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። መቶ አለቃው ሮጦ ሲደርስ ክምሩ ተነሣ። ፈንታሁን ጎንበስ ሲል አይቷል፤ ኳሷን ግን የአለሙ ጀርባ ጋርዶበታል። ስለዚህ እሸቴን ጠርቶ፣ ቅርብ የነበሩትን ሰዎች ኳሷ መሬት ነክታ እንደ ሆነ ጠይቅልኝ አለው።

መጀመሪያ የተጠየቀው አለሙ ነው። ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ። ከዚያ፣ «ነክታለች፣» አለ። «በላዩ ነበርሁ፤ አይቻታለሁ። ጫፏ ገብቷል።»

ባንዳ ሆኖ፣ የራሱን ወገን የሚያስሸንፍ እውነት ነው የተናገረው። ለፈንታሁን ግን ክስ ነበር።

«ይዋሻል፣» አለ ፈንታሁን።

እሸቴ ዞር አለ። «ምን አልህ?»

«አልነካችም። ከእጄም አልወጣች፣ መሬትም አልነካች።»

ከእሸቴ ፊት ላይ ፈገግታው ጠፋ። «ቀስ በል እንጂ ሰውዬ። የሚለው እኮ ነክታለች ነው።»

«ያለውን ሰምቻለሁ። ባንዳ ምን እንዲል ትፈልጋለህ?»

«ፈንታሁን፣ እስቲ ተረጋግተህ አስብ። ኳሷ መሬት ነክታለች፣ አይደለም?»

ፈንታሁን ይህም ሊያጠምደኝ ነው ብሎ አሰበ። የተጠረገውን ጫፍ ወደ መቶ አለቃው አዙሮ ኳሷን ከፍ አደረጋት። «እያት። ጭቃ አላት? በእመቤታችን፣ በዚሁ በጾሟ፣ መሬት አላስነካኋትም።»

መቶ አለቃው አማርኛ አያውቅም። ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅና እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ግን አይቷል። እሸቴ ብዙ ተናገረ፤ እጁን እያወራጨ ወደ ፈንታሁን እያመለከተ ተናገረ። ሕጉን የነገርሁት እኔ ነኝ፣ አልገባውም እያለው ነበር። መቶ አለቃው ሰምቶ ሲጨርስ በአጭሩ መለሰለት።

«ምን አለ?» አለ ፈንታሁን። «ገባ?»

እሸቴ መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመለት። «ሕጉ ገብቶታል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ነክታለች ወይ ነው ያልሁት። የያዛት ሰው ራሱ አልነካችም ብሎ ከማለ፣ እኔ ያላየሁትን እንዴት እሰጣለሁ ይላል።»

«እኮ፣ አልነካችም።»

«እንድትነካ ነበር የሚፈለገው፣ ወንድሜ። መሬት የምትሳለመው እሷ ነበረች፤ አንተ አይደለህም።»

ፈንታሁን ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። «ነክታ ነበር፣» አለ። «ጠርጌያት ነው። ዋሽቼ ነው። ንገረው እሸቴ።» እሸቴም ነገረው። መቶ አለቃው አሁን ደግሞ የትኛውን መሐላ ልመን ብሎ እግሩን ሰብስቦ ሄደ።

እንዲህ ባለ ጥርጥር ጊዜ ሕጉ ሁለቱ ወገኖች ከመሥመሩ ጥቂት ሜትር ርቀው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እንዲገፋፉ ያዛል። ገጠሙ። የሠራተኞቹ ጉልበት አልቆ ነበር። ባንዶቹ ኳሷን አውጥተው በእግር ከሜዳው አርቀው መቷት፤ የመጨረሻው ፊሽካም ተነፋ። እኩል ወጡ።

ወደ ማታ ፈንታሁን ከወንድሙ ጋር በሽቦው ግራና ቀኝ ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ። የተነጋገሩትን ለማንም ሳይናገር ብዙ ዓመት ኖረ። በማግስቱ ካሚዮኑ መጣ። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ ከጎንደር እስር ቤት የተረፈ ሰው ሙላቴ በተከታዩ ጥቅምት ከሌሎች ጋር መረሸኑን መጥቶ ነገረን። የተቀበረበትን አያውቅም።

ፈንታሁን ለመንደሩ ቄስ መናዘዝ አፈረ። ጣራ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ አባ ወልደሚካኤል ለሚባሉ መነኩሴ ተናገረ። አባ ወልደሚካኤል ጾምና ስግደት ሰጡት፤ ከዚያም፣ «እንግዲህ ከአፍህ መሐላ አይውጣ። እውነት ቢሆንም አይውጣ፣» አሉት። እሱም ተቀበለ።

ተመልሶ የወንድሙን ማሳ ከራሱ ማሳ ጋር ያርስ ጀመር። እኔ ተወለድሁ። እናቴ ጥሩወርቅ በሙላቴ የደረሰውን የምታውቀው ሰው በነገራት ያህል ነው። ጨዋታው እኩል ስለ ወጣ አልተፈታም፣ ይኸው ነው። ስለ መሐላው የሰማችው ነገር የለም።

ውኃ መቅዳት ስጀምር ሞላ የሚባል የሩቅ ዘመዳችን ያን የአባቴን ማሳ «የእኔ ርስት ነው» ብሎ ከሰሰ። ሐሰት ነበር፤ አገሩም ያውቃል። ነገር ግን ድንበሩን ያዩ ሽማግሌዎች በጦርነቱ አልቀዋል። ዳኛው ፈንታሁንን፣ «የወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ ብለህ ማል፣ መሬቱም የአንተ ይሁን፣» አሉት።

«የወንድሜ ነው፣» አለ ፈንታሁን።

«እሱን ሰምተናል። በመሐላ አጽናው።»

«አልምልም።»

«እውነት ከሆነ ምን አስፈራህ?»

«አልምልም፣ ጌታዬ።»

ዳኛው መሬቱን ለሞላ ፈረዱ። ፈንታሁን ቤት ገብቶ ለእናቴ ነገራት። እናቴ የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች።

«ይማሉ ብለውዎት እምቢ አሉ?»

«እምቢ አልሁ።»

«የዚችን ልጅ መሬት? የሙላቴን መሬት? ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት። እኔ ከምሰሶው ሥር ተቀምጬ ሰማሁ። ኳሷን፣ ጭቃውን፣ መሳለምና ማሳለሙን፣ አለሙ እውነቱን ሲናገር እሱ በእመቤታችን መማሉን አንድ ሳያስቀር ነገራት።  ሲጨርስ እናቴ ጠየቀችው።

«ሙላቴስ? እሱ ይህን ያውቅ ነበር?»

«በሽቦው ሥር ነገርሁት።»

«ምን አለዎት?»

ፈንታሁን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ከዚያ ገለጠው። «አይቼ ነበር አለኝ። ከጉብታው ላይ ጫፏ ስትገባ አይቻለሁ፣ ታዲያ ምን ብለህ ነው አለኝ። አልነካችም ብዬ ማልሁ አልሁት። ለምን አለኝ። ነክታለች ካልሁ የሚገድሉህ መስሎኝ አልሁት። ከዚያ...»

«ከዚያስ?»

«ሳቀ።»

እናቴ ቀና አለች። «ሳቀ?»

«ዘበኛው መጥቶ እስኪያየን ሳቀ። ወንድምዓለም፣ አለኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ ውሸት አቅቶህ ኖረህ ዛሬ ቀን መርጠህ ቻልህበት? እኔ አለቀስሁ። በጾሟ መሐል ዋሽተህ አትክረም፣ ሂድና ተናዘዝ አለኝ። ለጥሩወርቅ ግን አትንገራት፤ ቢያንስ በሰላም እስክትገላገል አለኝ። ከወለድሽ በኋላም አፌ አልከፈት ብሎኝ ቀረ።»

 እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አባቴ ጎንደር የሄደው እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሁሉ ትቶት እንደ ሆነ ነበር እስከዚያ ቀን የምታስበው። ይህን ኋላ ነው የነገረችኝ።

«ስቆ ነው የሄደው፣» አለች በመጨረሻ። ጥያቄ አልነበረም።

«ስቆ ነው።»

«እንግዲያ ያ መሬት ይቅር።»

ተነሥታ ውኃ አቀረበችለት፤ እጁን ታጠበ። ቆሎውን በእኔና በእሱ መካከል አስቀመጠች።

የፈንታሁን ማሳ ብቻ ለሦስታችን ስለማይበቃ፣ በማግስቱ እሱና እናቴ ጉና ላይ ከፍ ብሎ ካለ ሰው ዘንድ ሄደው ገደላማ ቦታ እኩል ሊያርሱ ተዋዋሉ። ከሚገኘው እህል ግማሹ የባለ መሬቱ ነው። ውርጭ የሚበዛበት፣ ድንጋዩ የማያልቅ ማሳ ነበር። ፈንታሁን ጉልበቱ እስኪከዳው አረሰው። ገብሱ በዝቶ ባያውቅም ጦማችንን አላደርንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።